በገበያ የሚሸጡ የዕፅዋት መድኃኒቶች ምን እንደ ያዙና ተሐዋስያንን ምን ያህል እንደሚገድሉ

በመርካቶ ቅመማ ቅመም በሚሸጥበት ስፍራ የሚያልፍ ሰው ጥቁር አዝሙዱን፣ ጦስኙን፣ ኮረሪማውን፣ ከርቤውንና የኮሶውን አበባ በየጆንያው ተደርድሮ ያያል። ከእነዚህ የሚበዛው ለወጥና ለሻይ የሚፈለግ ነው፤ ጥቂት የማይባለው ግን በመድኃኒትነቱ ይሸጣል። ገዢው «ይህ ለምን ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ ባለ ሱቁ ከአባቱ ወይም ሥራ ካስተማረው ሰው የሰማውን ይነግረዋል። የሰማውም ነገር ብዙ ጊዜ እውነት አለበት። ዳሩ ግን ዛሬ አንድ ዕፅ ተሐዋስያንን፣ በተለምዶ ጀርም የሚባሉትን፣ ይገድላል ሲባል የሚገድለው ምኑ እንደ ሆነ፣ ምን ያህል ሲሆን እንደሚገድል፣ በምንስ ምክንያት ኀይሉን እንደሚያጣ በኬሚስቶች ምርመራ እየታወቀ ሄዷል። ይህን ማወቅ ለሐኪምና ለመምህር ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ዕቃውን የሚገዛው፣ የሚያከማቸው፣ የሚያስፈጨውና የሚሸጠው ነጋዴ ነውና ኀይሉ የሚጠበቀውም የሚጠፋውም በእርሱ እጅ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ ከአንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ውስጥ እጅግ የሚበዛው ለበሽታ ምንም የማያደርግ ገለባ መሆኑ ነው። ጦስኝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በባሌ፣ በመንዝና በስሜን ደጋዎች የሚለቀመው ይህ ትንሽ ቅጠል በእንፋሎት ቢጣራ፣ ከ100 ኪሎ ደረቅ ዕቃ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ያህል ዘይት ቢወጣው ነው። ሽታውም፣ ጣዕሙም፣ ተሐዋስያንን የመግደል ኀይሉም በአብዛኛው ያለው በዚህች ጥቂት ዘይት ውስጥ ነው። የዘይቱ ዋና ዋና ክፍሎች ቲሞልና ካርቫክሮል ይባላሉ። ሁለቱም ከ10 የካርቦን፣ ከ14 የሃይድሮጅንና ከአንድ የኦክሲጅን አቶም የተሠሩ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው ኦክሲጅኑ በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱም ስብን የሚወዱ ስለ ሆኑ ባክቴሪያው በተጠቀለለበት ስብ ለበስ ሽፋን ውስጥ ሰርገው ይገባሉ፤ ሽፋኑም እየላላ ውስጡ የነበረው ሁሉ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። ቲሞል ሊስቴሪን በሚባለው የአፍ መጉመጥመጫም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ጦስኝን ከቁም ነገር የማይቈጥር አስመጪ እንኳ በጦስኝ ውስጥ ያለውን ነገር በጠርሙስ ታሽጎ ከባሕር ማዶ ያስመጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ «ጦስኝ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ ዕቃው ብዙ አይናገርም። ከአንዱ ተራራ የተለቀመው ቲሞል ሲበዛበት የሌላው ተራራ ካርቫክሮል ይበዛበታል። የተለቀመበት ወራትና የደረቀበት መንገድም መጠኑን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ዘይቱ ተናኝ ነው። በቅጠሉ ላይ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ በተፈጨ ጊዜ ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያግደው የለም። ወደ አንድ ሱቅ ሲገባ የሚያውደው መልካም ሽታ ባለ ሱቁን ደስ ሊያሰኘው ይችላል፤ ነገር ግን ያ ሽታ ከጆንያው ወጥቶ በነጻ የሚሄድ ሸቀጥ ነው። በክረምት የተፈጨ ጦስኝ በአፉ ክፍት ጆንያ ውስጥ እስከ ፋሲካ ቢቆይ፣ ገዢው የሚወስደው ቀለሙን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም።

ጥቁር አዝሙድ ሌላ ዓይነት ጠባይ አለው። ከፍሬው ከመቶ ከ30 እስከ 40 እጅ የሚሆነው የማይተንን፣ ለምግብ የሚሆን ዘይት ነው፤ ሽታ ያለው ተናኝ ዘይት ግን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። በዚህ በተናኙ ክፍል ውስጥ ቲሞኪኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ይገኛል፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ስታፊሎኮከስን የመሰሉ ቍስል የሚያመግሉ ባክቴሪያዎችን የሚያዳክመው በተለይ እርሱ ነው። ቲሞኪኖን ብርሃንንና ሙቀትን አይችልም። ስለዚህ ዘይት አስጨማቂው መኪናውን እጅግ ሲያግል ከፍሬው ብዙ ዘይት ያገኝ ይሆናል፤ የዘይቱ ዋጋ የሆነው ነገር ግን ይቀንስበታል። እንደዚሁም ዘይቱን በነጭ ጠርሙስ አድርጎ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ የሚደረድር ባለ ሱቅ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየከሰረ ነው። ርካሽ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት የሚቀላቅሉም አሉ። ይህ ማታለል በዓይንና በምላስ ሊሰወር ቢችልም፣ የእያንዳንዱ ዘይት የስብ አሲዶች መጠን የተለያየ ስለ ሆነ በኬሚስት ፊት ሊሰወር አይችልም። የሽንኩርት ዘርም ጥቁር አዝሙድን ስለሚመስል በጅምላ የሚገዛ ሰው ጥቂት ፍሬ በጣቱ አሽቶ ማሽተት አለበት።

የነጭ ሽንኩርት ነገር ደግሞ ከሁሉ ያስደንቃል። ያልተቈረጠ ነጭ ሽንኩርት ባክቴሪያ የሚገድለውን ንጥረ ነገር ገና አልሠራውም። በውስጡ አሊይን የሚባል ሽታ የሌለው ነገርና አሊይኔዝ የሚባል ሠራተኛ ኤንዛይም በተለያየ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ሲቀጠቀጥ ሁለቱ ይገናኙና በጥቂት ጊዜ ውስጥ አሊሲን ይፈጠራል። አሊሲንን በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለይተው ያወጡትና ባክቴሪያን እንደሚቋቋም ያስረዱት ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ኬሚስቶች ናቸው። ኤንዛይሙ በፈላ ውሃ ስለሚሞት፣ ሳይቀጠቀጥ የተቀቀለ ነጭ ሽንኩርት ለምግብ እንጂ ለዚህ ጉዳይ አይረባም። አሊሲንም ከተፈጠረ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ወደ ሌሎች የድኝ ውሁዶች ይለወጣል። እንክብል ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ እንግዲህ «የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይህን ያህል ሚሊግራም» የሚለውን ጽሕፈት አይቶ ሊረካ አይገባውም፤ ዱቄቱ ከተመጠጠ በኋላ ምን ያህል አሊሲን እንደሚሰጥ ፋብሪካው በጽሑፍ እንዲገልጽለት መጠየቅ አለበት። ዱቄቱ በከፍተኛ ሙቀት የደረቀ እንደ ሆነ በእንክብሉ ውስጥ ያለው ሽታ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ አንድ ዕፅ ተሐዋስያንን እንደሚገድል የሚታወቀው እንዴት ነው? መርማሪው ከቅጠሉ የወጣውን ጭማቂ እንደ ወረቀት ክብ በሆነች ቁራጭ ላይ አንጠባጥቦ፣ ባክቴሪያ በተዘራበት ጠፍጣፋ የመስታወት ሳሕን ላይ ያኖራታል። በማግስቱ ባክቴሪያው ሳሕኑን ሁሉ ሸፍኖ በወረቀቷ ዙሪያ ግን ንጹሕ ክብ ከታየ፣ ጭማቂው እድገቱን አግዷል ማለት ነው። ሌላው መንገድ ጭማቂውን በግማሽ በግማሽ እያቀጠኑ ባክቴሪያውን ለመግታት የሚበቃውን ትንሹን መጠን ማግኘት ነው። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ይልቅ ለነጋዴ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ማወዳደር ይቻልበታል። በፔኒሲሊን የሚሸነፍ ስታፊሎኮከስ ከአንድ ማይክሮግራም በታች በሆነ ፔኒሲሊን በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ይገታል። ለንጹሕ ቲሞል ግን ብዙውን ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ማይክሮግራም ያስፈልጋል፤ ያልተጣራ የቅጠል ጭማቂ ሲሆን ደግሞ ሚሊግራም ድረስ ይደርሳል። ሁለቱም «ገደለ» ይባላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ሳንቲምን ከሺህ ብር ጋር እንደ ማስተያየት ነው።

ከዚህም በቀር በሳሕን ላይ የሆነው ሁሉ በሰው ሰውነት ውስጥ አይሆንም። መርማሪው ብዙ ጊዜ ቅጠሉን የሚያወጣው በአልኮል ነው፤ ገዢው ግን በውሃ አፍልቶ ይጠጣዋል፤ ቲሞል ደግሞ በውሃ የሚሟሟው በጥቂቱ ብቻ ነው። የተጠጣውም በሆድ ውስጥ ይለወጣል፣ በጉበት ይፈጫል፣ በደም ውስጥ ይበተናል፤ በሳንባ ወይም በአጥንት ወዳለው ባክቴሪያ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህም የጦስኝ ዘይት ለአፍና ለጕሮሮ፣ ማለት ራሱ ዘይቱ በሽታውን በቀጥታ በሚነካበት ስፍራ፣ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ የሳንባ ምች ወይም የአንጀት ተስቦ የያዘውን ሰው ግን አያድንም። ልጇ በትኩሳትና በሳል የሚያቃስትባት እናት ወደ ሱቅ ገብታ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ባለ ሱቁ «ይህ ጀርም ይገድላል» ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ ቢሰጣት የተናገረው ቃል በሳሕን ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ ግን ዱቄቱን እያፈላች ሦስትና አራት ቀን ትጠብቃለች፤ ለሕፃን የሳንባ ምች ደግሞ ሦስት ቀን ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ «ይህ ጕሮሮዋን ያለሰልስላት ይሆናል፤ ልጂቱን ግን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት» ብሎ የሚናገር ባለ ሱቅ የአንድ ጥቅል ዋጋ አይጐድልበትም።

የዕፅ መድኃኒት በትክክል የሰውን ነፍስ ያዳነበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። ታላቁ ምሳሌ አርቴሚሲኒን ነው። ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዩዩ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለውን ዕፅ ለወባ ስትመረምር ውጤቱ አንድ ጊዜ ሲሠምር አንድ ጊዜ ሲከሽፍ ተቸግራ ነበር። ከዚያም ጌ ሖንግ የተባለ የጥንት ጸሐፊ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ ማዘዙን ካነበበች በኋላ፣ መድኃኒቱን የሚያጠፋው የማፍያው ሙቀት ሳይሆን አይቀርም ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላ ኤተር አወጣችው። ሙከራው በ1971 ሠመረ፤ ንጥረ ነገሩም በ1972 ተለይቶ ወጣ፤ እርሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ከዚህ ታሪክ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ያው ቅጠል በአንድ አዘገጃጀት መድኃኒት፣ በሌላው ገለባ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዝምድና አንድነት አለመሆኑ ነው። በአገራችን ገበያ የሚታወቁት ጭቁኝና አሪቲ ከዚሁ ከአርቴሚሲያ ወገን ቢሆኑም አርቴሚሲኒን የሚወጣው ከአርቴሚሲያ አኑዋ ነው፤ በስሙ ዝምድና ተማምኖ ጭቁኝን ለወባ መሸጥ በሰው ነፍስ መነገድ ይሆናል። አርቴሚሲያ አኑዋውም ቢሆን በሻይ መልክ ሲጠጣ የሚገኘው መጠን ከቅጠል ቅጠል ስለሚለያይና የወባውን ተሐዋስ መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርገው ስለሚችል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ ሕክምና በቅጠል መልክ እንዳይወሰድ መክሯል።

ኮሶና እንዶድም ብዙ ጊዜ ከዚህ ረድፍ ይቈጠራሉ፤ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። የሴቴዋ ኮሶ አበባ የያዘችው ኮሶቶክሲንና ወገኖቹ የኮሶ ትልን ከአንጀት ያስለቅቃሉ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ ወደ አውሮፓ ተልኮ በመድኃኒት መጻሕፍታቸው ተመዝግቦ ነበር። መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ ማጥፋት የሚደርስ መርዝ መሆኑም ታውቋል። ትል ግን ባክቴሪያ አይደለም፤ ትል ያወጣ ሁሉ ተስቦ ይፈውሳል ማለት ስሕተት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዐድዋ ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለማጥፋት እንዲመረመር አደረገ። በኋላ እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በልፋታቸው ሲቀጥሉ፣ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ዓይነት 44 የተባለው ተመርጦ ኀይለኛ ሆኖ ተገኘ። ስሙ አንድ የሆነ እንዶድ ኀይሉ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም።

አሁን ብዙ ነጋዴዎች ወደማያስቡት ነገር መመለስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ተሐዋስያንን ይገድላል የተባለው ቅጠል ራሱ ተሐዋስያንን ተሸክሞ መምጣቱ ነው። በመሬት ላይ የተሰጣ ቅጠል ከአፈሩ የባሲለስና የክሎስትሪዲየም ዘር ይዞ ይገባል፤ ይህ ዘር ድርቀትን የሚችል ከመሆኑም በላይ ጥቂት ቢፈላም አይሞትም። በደንብ ሳይደርቅ የታሸገ ዕቃ ደግሞ ይሻግታል፤ ከሻጋታዎቹም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጐዳ መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ ሻጋታው ተጠርጎ ዕቃው እንደ ገና ፀሐይ ቢመታውም፣ ቢቈላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ፣ በዝንጅብል፣ በእርድና በመሳሰሉት ቅመሞች ላይ የወሰነው የአፍላቶክሲን ቢ1 መጠን በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ የአፍላቶክሲኖቹ ድምር ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። ይህም ማለት በአንድ ኩንታል በርበሬ ውስጥ ከግማሽ ሚሊግራም የሚበልጥ ቢ1 ቢገኝ፣ ማለት በመርፌ ጫፍ የምትነሣ ያህል፣ ጭነቱ በወደቡ ላይ ይቀራል። የመመለሻውን ኪራይና የመጋዘኑን ክፍያ የሚችለው ላኪው ነው። ከሸራ ወይም ከአልጋ በላይ ማድረቅ፣ ጆንያውን ከወለሉ በርብራብ ማንሣት፣ የክረምቱን ዕቃ ከበጋው አለመቀላቀል፤ ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የተመለሰ ጭነት ወጪ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የእንክብልና የጠርሙስ የዕፅ መድኃኒት ከውጭ የሚያስመጡም ሌላ አደጋ አለባቸው። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የመድኃኒት ተቈጣጣሪዎች «ንጹሕ ዕፅ» ተብለው በተሸጡ እንክብሎች ውስጥ ዴክሳሜታዞንና ሲልዴናፊል የመሰሉ የፋብሪካ መድኃኒቶች ተደብቀው አግኝተዋል። በአንድ ቀን ሕመምን የሚያጠፋ ቅጠል ሲያጋጥም የሚደነቅ ሳይሆን የሚጠረጠር ነው። በአገራችንም ለመድኃኒትነት የሚቀርብን ነገር የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለ ሥልጣን ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ከማዘዝ አስቀድሞ እንደ ምግብ ወይስ እንደ መድኃኒት እንደሚቈጠር መጠየቅ ከጕምሩክ በር ላይ ከመከራከር ይሻላል። በጠርሙሱ ላይ «ያድናል» የሚል አንድ ቃል መኖሩ ዕቃውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሊያዛውረው ይችላል።

ለላኪዎች ኬሚስትሪ ጠላት ብቻ ሳይሆን ምስክርም ይሆናል። ዕጣን ለዚህ ይጠቀሳል። በንግዱ ቋንቋ የትግራይ ዕጣን የሚባለው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ከተባለው ዛፍ የሚደማው ሲሆን፣ በዘይቱ ውስጥ ኦክቲል አሴቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። የኦጋዴንና የቦረና ዕጣን ከሌሎች ዛፎች ስለሚገኙ የዘይታቸው አወቃቀር ከዚህ የተለየ ነው። ዛሬ የአውሮፓ ሽቱ ሠሪና መድኃኒት ቀማሚ ዕጣኑን በዓይኑ ብቻ አይገዛም፤ ጥቂቱን ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ይከትታል፤ መሣሪያውም የዘይቱን ክፍሎች አንድ በአንድ ለይቶ በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ጫፎች ይሥላቸዋል። የኦክቲል አሴቴቱ ጫፍ ዝቅ ብሎ የሌላው ከፍ ካለ ዕጣኑ መቀላቀሉ ወይም ስሙ መለወጡ ይታወቃል። ንጹሑን ዕጣን የሚልክ ሰው ይህ ሥዕል አስቀድሞ በእጁ ቢኖር በዋጋ ሲከራከር የሚያሳየው ነገር ያገኛል፤ ቀላቅሎ የሚልከው ግን ከገዢው አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ናሙና በሚወሰድበት ጊዜ ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ብቻ መዝገን ልማድ ሆኗል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ከሁሉ የደረቀውና ያማረው ነው። ከጭነቱ ብዙ ጆንያዎች፣ ከላይም ከመካከልም ከታችም ተወስዶ ከተደባለቀ በኋላ ለሦስት ተከፍሎ ይታሸጋል፤ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለገዢው፣ አንዱም የሁለቱ ወገኖች ፊርማ ኖሮበት ከሻጩ ዘንድ በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ ይቀመጣል። የላቦራቶሪው ወረቀት በመጣ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የጭነቱ ቍጥር ከጆንያዎቹ ቍጥር ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ ባለፈው ዓመት መከር ላይ የተሰጠ ወረቀት ስለ ዘንድሮው ዕቃ ምንም አይናገርም።